የተሸፈነው ግድግዳ

እትዬ ጥሩነሽ ይህን ያጫወቱኝ ጄኔቫ፣ ፕላንፓሌ ሰፈር ባለው ቤታቸው ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ልጄን ሳሮንን ይዤ ሰው ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። እንደተናገሩት ጻፍኩት።

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሐዘንተኛ በገዛ እጁ ከል አያወልቅም። ነውር ነው። ሽማግሌ ይመጣል፣ "በቃሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ አውልቂ" ይላል፣ ታዲያ ያን ጊዜ ይወለቃል። እስከዚያ ጥቁርህን ለብሰህ ትቀመጣለህ።

ይሄ ሕንፃ አሮጌ ነው፣ በእንግሊዞቹ ንግሥት በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የጄሶ አበባ እየው፣ ያ ሁሉ አበባ ለሁለት ጠባብ ክፍል። ስንገባ ግድግዳው ነጭ ነበር፣ ሁሉም ነጭ፣ ሆስፒታል ነው የሚመስለው። እና እኔ ባሌን ተፈራን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ይሄን አረንጓዴ እንቀባው፣ በዚያ በኩል ደግሞ አበባ ያለው ወረቀት እንለጥፍ" አልኩት። እሱ ቁጥብ ሰው ነው፣ እንዲህ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ሴትዮ፣ ጠባብ ቤት በነጭ ነው ሰፊ የሚመስለው" አለኝ።

"ይስፋ መች አልኩ? ይሙቅ ነው ያልኩት።"

"የሬዢው ቢሮስ? አከራዮቹ ምን ይላሉ?"

"ስንወጣ ነጭ እናደርገዋለን።"

እና ቀባ። እየተነጫነጨ ቀባ። የግድግዳ ወረቀቱን እኔ ከአደባባዩ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አመጣሁት፣ ቀይ አበባ፣ ትልልቅ፣ እሱ ለጠፈው። መጋረጃው ባለ መስመር፣ ምንጣፉ ዝንጉርጉር። ሰው ሲገባ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ግራ ይገባዋል። በኋላማ ተፈራ ራሱ እንግዳ ሲመጣ "ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ" ይል ጀመር።

ከዚያ ሞተ።

የማኅበራችን ሴቶች መጡ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ወጉን አደረጉ። አንዷ ምንጣፉን ጠቀለለች፣ አንዷ መስታወቱን አዞረች፣ አንዷ ደግሞ "ለቅሶ ቤት ቀይ አበባ?" ብላ ነጭ አንሶላ አምጥታ ግድግዳው ላይ ቸነከረችበት። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዓይኔ ማየት ትቶ ነበር። ታዲያ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። ሙት ዓመቱም አለፈ። እና ሽማግሌ ጠበቅኩ። የጄኔቫዎቹ "ዘመዶቿ ዙሪክ ናቸው፣ እነሱ አስወልቀዋታል" ይላሉ፣ የዙሪኮቹ "ጎረቤቶቿ ጄኔቫ ናቸው፣ እነሱ አስወልቀዋታል" ይላሉ። ትሰማኛለህ? አንዱ በአንዱ ተማምኖ። አገር ቤት ሽማግሌው ጎረቤትህ ነው፣ በጥቁር ሲያይህ እሱ ያፍራል። እዚህ ማን ያይሃል? እና በጥቁሬ፣ አንሶላውን እያየሁ ራቴን ስበላ ዓመታት ሄዱ።

ታዲያ አንድ ቀን ዘሃራ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፣ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ አብረን የሠራን፣ ኋላ ልጇ ዘንድ፣ ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ የገባች። ከዚያ ሁሉ አገር በባቡር መጥታ ጫማዋን አወለቀች፣ እጇን እንዲህ ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ጥሩዬ፣ ይሄ ቤት ምን ሆነ?"

"ሐዘን ነዋ።"

"እስካሁን? ማንን ነው የምትጠብቂ?"

"ሽማግሌ።"

"የታሉ?"

"እንግዲህ ይመጣሉ።"

"እኔስ? ይሄ ሽበት በቀለም የመጣ መሰለሽ?"

"አንቺማ እስላም ነሽ።"

"ታዲያ አንሶላው ክርስትና ተነስቷል?"

ይህን ብላ በዚያ ጉልበቷ ወንበር ላይ ወጣች፣ "ቢስሚላህ" አለችና ሳበችው።

እና አየህ፣ አበባው እንደነበረ ነው። ሌላው ወገን፣ ፀሐይ የሚያገኘው አረንጓዴ፣ ደብዝዟል። የተሸፈነው ብቻ ተፈራ ዛሬ ጠዋት የለጠፈው ይመስላል። ያኔ አለቀስኩ፣ በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ዘሃራ "አልቅሺ፣ አልቅሺና ተነሺ" አለችኝ። ከዚያ ፀሐይ ከማያገኘው ከበሩ ጥግ አረንጓዴውን በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ ቅርፊቱን ያዘች፣ ቀለም ቤት ሄድን፣ "ልክ እንደዚህ" አልናቸው። ስንመለስ ከቦርሳዋ ይሄን አበባ ያለበት ሻሽ አውጥታ በጥቁሬ ፋንታ አሰረችልኝ።

በቀደም ከሬዢው የመጣ ሰው ዞር ዞር ብሎ አየና "ማዳም፣ ሲወጡ ነጭ መሆን አለበት" አለኝ። "አትጨነቅ ልጄ፣ እኔም ስወጣ በነጭ ተገንዤ ነው የምወጣው" አልኩት። አልገባውም።

አንተ ግን ገብቶሃል። ሻትሌን ሰፈር ያለውን ቤትህን ሳላየው አውቀዋለሁ። ይቺ ልጅ ቅድም ግድግዳዬን እየነካች "የእኛ ወፎች ኮሪዶር ናቸው" አለችኝ። "የምን ወፍ?" ብላት፣ "ፓፒዬ ፓን። ማማ የገዛችው። ለኔ ክፍል ነበር። አባ አልፈታውም።" የግድግዳ ወረቀቱ ከነወፉ ተጠቅልሎ ቆሟል፣ አይደለም? አንተስ ያንን ጥቁር ሸሚዝ ማን መጥቶ እንዲያስወልቅህ ነው? ዘመዶችህ ዙሪክ ናቸው፣ እኛ እዚህ ነን፣ ሁላችንም አንዱ በአንዱ ተማምነናል። ዘሃራ አሁን ጉልበቷ አይችልም። እኔ አለሁ። በቃህ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናህ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አንተ ትለጥፋለህ፣ እኔ ወንበሩን እይዝልሃለሁ።

እትዬ ጥሩነሽ ይህን ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉ። ሳሮን እኔን እኔን ታያለች።

"እናቷ ወፎቹ ወደ መስኮቱ እንዲያዩ ነበር የምትፈልገው" አልኳቸው።

"እንግዲያው ወደ መስኮቱ" አሉ እትዬ ጥሩነሽ።