የጦሳ ንፋስ ሁለት ዙር

ደሴ፣ ከቀትር በኋላ፤ ወይዘሮ አስካለ በኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ከተቆለፈው በራቸው ፊት ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው ብርቅነሽ በስልክ የላከችው ቁልፍ ሠሪ ኑረዲን የዕቃ ሳጥኑን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።

ኑረዲን፦ እሺ እትዬ አስካለ፣ እንደገና ልጠይቅዎት። ቁልፉን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት የት ነው?

አስካለ፦ የት እንዳየሁት ባውቅ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?

ኑረዲን፦ ቤት ውስጥ ነው ወይስ ውጪ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።

አስካለ፦ ወይ ውስጥ ነው፣ ወይ ውጪ ነው።

ኑረዲን፦ ይኼ በጣም ረዳኝ።

አስካለ፦ አትቀልድ። ቆሻሻ ልደፋ ወጣሁ፣ የጦሳ ተራራ ንፋስ መጣና በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። አለቀ።

ኑረዲን፦ ቆሻሻ ሊደፉ የወጡት ይህን የክት ጫማ አድርገው ነው?

አስካለ፦ ጎረቤት ያየኛል። ደግሞ አንተ የመጣኸው ለበሩ ነው ለጫማዬ?

ኑረዲን፦ ለበሩ ነው፣ እውነትዎን ነው። በሩ ተዘጋ ብለው ሲደውሉላት ብርቄ ለእኔ ደውላ፣ "ሻንጣዬም የትምህርት ማስረጃዬም ቤት ውስጥ ነው፣ የሰመራው መኪና ሊያመልጠኝ ነው፣ ድረስልኝ" ብላኛለች። በሉ ፈቀቅ ይበሉልኝና ልክፈተው።

አስካለ፦ ቆይ። ቆይ እንጂ። መታወቂያ ይዘሃል?

ኑረዲን፦ የማን መታወቂያ?

አስካለ፦ ያንተ ነዋ። ሳጥን ያንጠለጠለ ሁሉ ቁልፍ ሠሪ ነው?

ኑረዲን፦ እትዬ፣ ባለፈው ክረምት ይህንኑ ቁልፍ የገጠምኩልዎት እኔ ነኝ። ሽሮ አብልተውኛል። "ጨምር፣ ጨምር" እያሉ አላስወጣ ብለውኝ ነበር።

አስካለ፦ ሽሮ የበላ ሁሉ ይታመናል? አምጣ መታወቂያውን። የማታ ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ሳላነብ የማሳልፈው ነገር የለም።

ኑረዲን፦ ይኸው።

አስካለ፦ ኑ... ረ... ዲን።

ኑረዲን፦ አዎ።

አስካለ፦ አታቋርጠኝ። ጠፋብኝ። ከመጀመሪያው ልነሳ። ኑ...

ኑረዲን፦ በዚህ አያያዝ የአያቴ ስም ጋ ሲደርሱ መግሪብ ይሆናል።

አስካለ፦ አስተማሪያችን ምን ይለናል መሰለህ፣ "አትቸኩሉ፣ ፊደል ከወረቀቱ ወርዶ አይሸሽም።"

ኑረዲን፦ ፊደል አይሸሽም፣ መኪና ግን ይሸሻል።

አስካለ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እንካ መታወቂያህን። ፎቶው አንተን አይመስልም።

ኑረዲን፦ ያኔ ፀጉር ነበረኝ። አሁን ልክፈት?

አስካለ፦ ምስክርስ?

ኑረዲን፦ የምን ምስክር?

አስካለ፦ ይኼ ቤት የእኔ መሆኑን በምን አወቅህ? ሌባ ብሆንስ?

ኑረዲን፦ እርስዎ?

አስካለ፦ ምን ይታወቃል። ስንት ጨዋ መሳይ ሴት ነጠላዋን ተከናንባ የሰው ቤት ታራግፋለች። ደግሞ አንተ ራስህ አይደለህም፣ ሁለት ጎረቤት ቆሞ ካልመሰከረ የማንንም በር አልከፍትም የምትለው? ሰፈሩ ሁሉ ያውቅልሃል።

ኑረዲን፦ ለማላውቀው ሰው ነዋ። አንዱ "ሚስቴ ታማ ተኝታ ነው፣ ተነስታ መክፈት አቅቷት" ብሎ የፈታትን ሴት ቤት አስከፈተኝ። ሴትዮዋ በዘነዘና ነው የተቀበለችኝ። እሱ ደረጃውን ቀድሞኝ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ምስክር እጠይቃለሁ።

አስካለ፦ ታዲያ ከዘነዘና ካልተማርክ ከምን ልትማር ነው? ምስክር ጥራ።

ኑረዲን፦ የታችኛዋን ጎረቤትዎን እትዬ ዘምዘምን ልጥራ?

አስካለ፦ ገበያ ናት።

ኑረዲን፦ የላይኛውን ጋሽ ደመረስን?

አስካለ፦ ከእኔ ጋር ተኳርፏል። ብትጠራው "አላውቃትም" ነው የሚልህ።

ኑረዲን፦ እንግዲያው በገዛ እጅዎ ሌባ ሆነው ሊቀሩ ነው። ለማንኛውም በሩን ልየው። ... እትዬ፣ ንፋስ ነው የዘጋው ያሉኝ?

አስካለ፦ ንፋስ።

ኑረዲን፦ ንፋስ የዘጋውን በር የምትይዘው ይቺ ምላሱ ብቻ ናት። በካርድ ገፋ ሲያደርጓት ትከፈታለች። ይኼ ግን ሁለት ዙር ተቆልፏል።

አስካለ፦ ኃይለኛ ንፋስ ነበር።

ኑረዲን፦ ሁለት ዙር ቆልፎ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ ይዞት ሄደ?

አስካለ፦ የጦሳን ንፋስ አታውቀውም።

ኑረዲን፦ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ደሴ ነው። ቆርቆሮ ሲነቅል አይቻለሁ። ቁልፍ ሲያዞር አላየሁም።

አስካለ፦ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ከቆጠርኩ ንፋሱስ ለምን አይማርም?

ኑረዲን፦ እሺ፣ የተማረ ንፋስ ነው። ሽቦዬን ላውጣ። የት አደረግሁት...

አስካለ፦ ፈልገው፣ ፈልገው። አትቸኩል።

ኑረዲን፦ ይኸው። አይ፣ ይኼ የመኪና መክፈቻ ነው።

አስካለ፦ ቀስ በል። ደግሞ በሩን እንዳትቧጭርብኝ፣ ቀለሙን የቀባችው ልጄ ናት።

ኑረዲን፦ ልጅዎ እኮ ናት የቸኮለችው። ዛሬ ማታ ሰመራ ካልደረሰች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ብለዋት የለም እንዴ?

አስካለ፦ ይሰጣ። ሌላው ሰው እናት የለውም ይሆናል።

ኑረዲን፦ አዋላጅ ነርስ ሆና ተመድባ፣ እትዬ፣ ስንቱ የሚመኘውን።

አስካለ፦ ደሴ ውስጥ ሴት መውለድ አቁሟል? ማዋለድ ካማራት እዚህ ታዋልድ። ሰመራ ሙቀቱ እንቁላል ድንጋይ ላይ ያበስላል አሉ።

ኑረዲን፦ ከሰል ተረፈላት በሉኛ።

አስካለ፦ አትቀልድብኝ አልኩህ። አባቷም በዚያው መንገድ ነው የሄደው። ሹፌር ነበር። "ሚሌ ደርሼ መጣሁ" አለ። ብርቄ ገና ትድህ ነበር።

ኑረዲን፦ በዚያው ቀሩ?

አስካለ፦ አንድ ቀን መጥቶ ነበር። ጎማው ተንፍሶበት ጎሚስታው ጋ ቆሞ አገኘሁት፣ ገቢና ውስጥ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። "እንዴት ነሽ?" አለኝ። "እንደ ጎማህ ነኝ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ኑረዲን፦ ...ጥሩ ብለውታል።

አስካለ፦ ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ኑረዲን፦ እና ብርቄም እንደ አባቷ ትቀርብኛለች ብለው ነው።

አስካለ፦ እኔ ምን ወጣኝ? ንፋስ ነው የዘጋው አልኩህ እኮ።

ኑረዲን፦ ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት...

አስካለ፦ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ላሟ እኮ እኔ ነኝ፣ ለእኔ ነው የምትተርተው?

ኑረዲን፦ እስቲ ተነሱልኝ፣ ብርሃኑን ጋረዱኝ። ... ምንድን ነው የተንቃጨለው?

አስካለ፦ ምንም አልተንቃጨለም።

ኑረዲን፦ ሲነሱ የነጠላዎ ጫፍ ከደረጃው ብረት ጋር ተጋጨ። እንደ ብረት ነው የጮኸው።

አስካለ፦ ቋጠሮ ነው። ነገር እንዳልረሳ ብዬ የቋጠርኩት።

ኑረዲን፦ ምኑን እንዳይረሱ?

አስካለ፦ ረሳሁት።

ኑረዲን፦ የሚንቃጨል ነገር ነው የረሱት።

አስካለ፦ አንተ ሥራህን ሥራ። ደግሞ በዝግታ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ኑረዲን፦ እትዬ አስካለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን ሁሉ ጊዜ ሽቦ ሳወጣ ሳስገባ፣ ትንሽ ቀርፋፋ አልሆንኩብዎትም?

አስካለ፦ ሆነህብኛል። በልቤ "ፈጣሪ ሲረዳ እንዲህ ያለውን ሰነፍ ባለሙያ ይልካል" እያልኩ ሳመሰግን ነበር።

ኑረዲን፦ ያን ጊዜ እትዬ ዘምዘም ደጅ ቀርተው የተጠራሁ ለታ በራቸውን እንዴት ነበር የከፈትኩት?

አስካለ፦ የያዘችው ሻይ ሳይበርድ።

ኑረዲን፦ ታዲያ ዛሬ ምን ነካኝ?

አስካለ፦ ...ምን ነካህ?

ኑረዲን፦ ብርቄ ያለችኝን ሁሉ አልነገርኩዎትም። "ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። ጠዋት ስትቋጥር አይቻታለሁ። ሂድና በሩን የምትከፍት መስለህ አጫውታት፤ መኪናችን ባቲን እስኪያልፍ ግን እንዳትከፍት" ነው ያለችኝ።

አስካለ፦ የምን መኪና?

ኑረዲን፦ ተሳፍራለች እትዬ። እኔን ከመኪናው ላይ ሆና ነው የደወለችልኝ። እርስዎ መታወቂያዬን ሲያነቡ ኮምቦልቻን አልፈዋል፣ አሁን ባቲ ሊገቡ ነው።

አስካለ፦ ዋሽታሃለች። ያለ ልብስ፣ ያለ ወረቀት የት ትሄዳለች? ሻንጣዋ አልጋዋ ሥር ነው። ጠዋት በእግሬ ነክቼ አረጋግጫለሁ።

ኑረዲን፦ ሲነኩት ጠንከር አለ፣ ለስለስ አለ?

አስካለ፦ ...ለስለስ አለ።

ኑረዲን፦ ትራስ ነው።

አስካለ፦ ውሸት ነው።

ኑረዲን፦ ዕቃዋን ሰሞኑን በፌስታል በፌስታል እያደረገች፣ ቆሻሻ ልድፋ እያለች ነው ያወጣችው። እትዬ ዘምዘም ቤት ሌላ ሻንጣ ውስጥ ሲጠራቀም ነበር።

አስካለ፦ እኔ እኮ "ምን የመሰለች ልጅ ወጣችልኝ፣ ቆሻሻውን ሳትታዘዝ ትደፋለች" እያልኩ ለዘምዘም ስነግራት ነበር።

ኑረዲን፦ እሳቸውስ ምን አሉ?

አስካለ፦ "አላህ ይባርክልሽ" አለችኝ። ቆይ፣ ከገበያ ትመለስ። ... ክፈተው።

ኑረዲን፦ ቀስ ይበሉ እንጂ እትዬ፣ ሲሮጡ የታጠቁት...

አስካለ፦ ክፈተው አልኩህ። አሁን።

ኑረዲን፦ ምስክርስ? ሌባ ቢሆኑስ?

አስካለ፦ ኑረዲን።

ኑረዲን፦ መታወቂያዎን ላንብብ?

አስካለ፦ ዞር በል ከበሩ። ይቺን የነጠላ ጫፍ ያዝልኝ። ቋጠሮው ጠብቋል፣ በጥርሴ ልፍታው።

ኑረዲን፦ ንፋሱ ቁልፉን እዚህ ነው ያስቀመጠው?

አስካለ፦ ዝም በል። ... አንድ ዙር። ሁለት። ይኸው ተከፈተ። እዚያው ቁም፣ ብቻዬን ልይ።

ኑረዲን፦ ... እትዬ? ... እትዬ አስካለ፣ አገኙት?

አስካለ፦ ትራስ ነው።

ኑረዲን፦ ብዬዎት ነበር።

አስካለ፦ የእኔን ትራስ ነው የከተተችው። ማታ ፈልጌ ፈልጌ አጥቼው፣ ክንዴን ተንተርሼ ነው ያደርኩት። ልጄን ልሰርቅ ስል ትራሴን ተሰረቅሁ።

ኑረዲን፦ ምን ታድርግ፣ ፈርታ ነው። "መናኸሪያ መጥታ ጎማው ሥር ትተኛለች፣ እሱ ቢቀር በባጃጅ ኮምቦልቻ ድረስ ታባርረኛለች" ነው ያለችው።

አስካለ፦ በባጃጅ ኮምቦልቻ አይደረስም።

ኑረዲን፦ ጎማው ሥርስ?

አስካለ፦ ... ጠዋት "ሆጤ ሰፈር አክስቴን ልሰናበት" ብላ ስትወጣ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ደረጃውን ወርዳ፣ ተመልሳ ወጥታ ደግሞ ሳመችኝ። ሆጤ ለመሄድ ይህን ያህል ይሳማል? ግን አልጠረጠርኩም። በልቤ "ሳሚኝ፣ ሳሚኝ፣ የትም አትሄጂ" እያልኩ ነበር። ቁልፉ ነጠላዬ ላይ ነው እኮ። በሩን የዘጋሁት ገና ታች ሳትደርስ ነው።

ኑረዲን፦ እንግዲህ ተሰናብታዎት ነው የሄደችው።

አስካለ፦ እሷ ተሰናብታኛለች። እኔ አልተሰናበትኳትም።

ኑረዲን፦ ባቲ ሲደርሱ እደውላለሁ ብላለች። ያኔ ይሰናበቷታል።

አስካለ፦ ያኔማ እሰድባታለሁ። ስንብቱ ከስድቡ በኋላ ነው። አንተስ አታፍርም? ዕድሜህን ሙሉ በር ስትከፍት ኖረህ፣ ዛሬ በር ላለመክፈት ተላክህ?

ኑረዲን፦ እንደዛሬ ያለ ከባድ ሥራ ገጥሞኝ አያውቅም። እጄ እኮ ለምዶበታል። ስንት ጊዜ ሊከፈትብኝ ሲል መልሼ የቆለፍኩት።

አስካለ፦ እኔ አንተን ሳዘገይህ፣ አንተ እኔን ስታዘገየኝ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ አሉ።

ኑረዲን፦ በሉ እንግዲህ ዕቃዬን ልሰብስብ።

አስካለ፦ የት ትሄዳለህ? እንካ።

ኑረዲን፦ ምንድን ነው?

አስካለ፦ ቁልፉ ነዋ። መጨረሻ ያዩት የት ነው ብለህ ጠይቀኸኝ አልነበር? ይኸው እጄ ላይ ነው። በእሱ ልክ ሌላ ቅረጽልኝ።

ኑረዲን፦ አንዱ ቢጠፋብኝ ብለው ነው?

አስካለ፦ ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ እኔ ውስጥ ነኝ። ለብርቄ ነው። ነገ በሚሄደው መኪና እልክላታለሁ። የመጣች ቀን ደጅ ቆማ እንዳንተ ያለውን ቀርፋፋ እንዳትጠብቅ።

ኑረዲን፦ ስትመጣ እርስዎ ይከፍቱላት የለ? ቁልፍ ምን አስፈለጋት?

አስካለ፦ አባቷ ሚሌ ሊሄድ የወጣ ቀን ማታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። መጣሁ ያለ ሰው ቁልፉን ለምን ይተወዋል? እንደማይመለስ ያወቅሁት ያኔ ነው። ልጄ ግን ቁልፍ ይኖራታል። በል፣ አታዘግየኝ፣ ቅረጽ። እሷ ሄዳለች፣ እኔ አለሁ።