ሁለት ቀኝ እግር

ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉና ስሙኝ። ኢንጂነር ኡዘይርን ለመሸኘት ጄሶ አቡኪዋ ማሪቱ ልትናገር ነው ሲባል የሳቃችሁትን አይቻለሁ።

ኢንጂነር ሰበታ ወርክሾፓችን የመጡ ቀን ኮምፒውተራቸውን በጋቢ ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ ታቅፈውት ነበር። ገና ሳይቀመጡ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሠራሽ እግር የሚነደፈው በዚህ ነው። ጄሶ ቀረ» አሉኝ። ከሰዓት መብራት ጠፋ። በማግስቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ከረባታቸው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ «ማሪቱ፣ የጄሶው ውሃ ስንት ይሁን?» ሲሉኝ ዋሉ።

አንገታቸውንም ታውቁታላችሁ። የእግሩን ምስል በማውስ ሲያዞሩ አንገታቸው አብሮ ይዞራል። ባልደረባችን ፈሀድ የአንገት ድጋፍ ሊሠራላቸው ለክቷቸው ነበር። አይሳቁ ኢንጂነር፣ ገና አልጨረስኩም።

በ2008 በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ለሕክምና የመጣችው የቡራዩዋ ኢክላስ ከእናቷ ጋር እዚሁ ቀረች። ግራ እግሯ ተቆርጧል። እናቷ፣ «ሰው ሁሉ ሲሮጥ እኔ ልጄን ተሸክሜ የት እደርሳለሁ?» ትላለች። የእግሯ ንድፍ ያለው አዲስ አበባ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ኢንተርኔት የለም። ንድፉን የያዘውን ፍላሽ ካልሲያቸው ውስጥ ከተው ከአየር ጤና ሰበታ ድረስ በእግራቸው መጡ። ይህን አልክድም።

ከኮምፒውተሩ የሚታዘዘው ማሽን እግሩን ሠርቶ አወጣው። ልሞርደው ስዳብሰው አውራ ጣቱ በውጭ በኩል ነው። የደህናውን እግር ምስል ሳይገለብጡ ነድፈውታል።

«ኢንጂነር፣ ይቺ ልጅ ሁለት ቀኝ እግር ሊኖራት ነው።»

«ማሪቱ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም።»

«እሱማ ምን አጠፋ። ያዘዘው ሰው ነው።»

ምስሉን ገልብጠው አስተካከሉት። ኢክላስ በእግሯ ሄዳ ቤቷ ገባች።

በዓመቱ የምርምር ጽሑፋቸው ታተመ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የአማርኛውን ማጠቃለያ ጣቴን እያስኬድኩ ግማሽ ቀን አነበብኩት። «ስህተቱ በፍተሻ ሥርዓታችን ተለይቷል» ይላል። ሥርዓቱ ሽርጥ ለብሶ እፊታችሁ ቆሟል።

አዲሷ ኃላፊያችን ቢታንያም አንብባዋለች። በእሱ ተማምና፣ ከሐምሌ ጀምሮ በእጅ መፈተሽ ይቅር፣ ኮምፒውተሩ ይበቃል ብላለች። አልፈርድባትም። እኔ ብነግራት ለሥራዋ ፈርታ ነው ትላለች። ከሐምሌ በኋላ ተሳስቶ የሚወጣውን እግር ግን የሚያጠልቀው ታካሚው ነው።

ኢንጂነር፣ አመሰግናለሁ። እኔ በጄሶ ሳምንት የምፈጅበትን በአንድ ቀን አድርሰውልናል። ከሱሉልታና ከጫንጮ በክራንች የሚመላለሰውን ሰው አሳርፈውታል። ተኩስ እየተሰማ ለአንዲት ልጅ ያን ያህል የተጓዘ ሌላ ኢንጂነር አላውቅም። ጡረታዎ የጤና ይሁን፤ ልጆችዎ ይጦሩዎት።

በሉ፣ ለስላሳም ሌላም የያዛችሁ ብርጭቋችሁን አንሱ። እንዳትጠጡ። መጀመሪያ ኢንጂነር ይነሱና የኢክላስን እግር ስህተት ማን እንዳገኘው ለቢታንያ ይንገሯት።

ለጤናዎ ኢንጂነር። ይነሱ፣ እየጠበቅንዎት ነው።