ወደ ጎረቤት የተሻገረው ሽቦ

ወሩን በትክክል አላስታውስም፤ ሰፈሩ ግን ታቦር ነው። እትዬ አስቴር ቤት በድሮው የስልክ መስመር ኢንተርኔት ላስገባ ሄድኩ። ልጃቸው በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ዜና ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነበው ያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ የሚያዩዋትም በዚሁ መስመር በሚመጣ ቴሌቪዥን ነው። መስመሩ ግን ይገናኝና ይቋረጣል። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ደግሜ ፈተሽኩ። አለቃዬ በስልክ፣ «ሽቦው አርጅቷል፤ ተወውና ና» አለኝ። ልወጣ ስል አንድ ቀጭን ሽቦ ከመስመሩ ተቀጥሎ አጥሩን ሲሻገር አየሁ።

«እትዬ፣ ይሄ የት ነው የሚሄደው? ኢንተርኔቱን የሚያቆራርጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ልቁረጠው።»

«ጎረቤቴ ጋ። ድሮ ስልክ ያለን እኛ ብቻ ስለነበርን ቀጠልንላት። ሳልጠይቃት ግን አትቆርጠውም» አሉና በአጥሩ ተጣሩ።

«ቁረጠው ልጄ» አሉ ጎረቤታቸው እየሳቁ። «የእሷን ወሬ በሱ ሰምቼ ጨርሻለሁ። ልጃችንን ለማየት እኔም መጣሁ።»

ቆረጥኩት። የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ረጋ። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ስትወጣ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር፤ እኔም እንደ ቤተሰብ አጨበጨብኩ። በማግስቱ ተመልሼ በመሣሪያ ለካሁት፤ አርጅቷል የተባለው መስመር ምንም አልነበረበትም።