አጥሚት በሃይላንድ

ክልሉ ገና ልጅ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም አሶሳ ላይ በሩን ከከፈተ ብዙ አልቆየም። አዲስ ነገር ሁሉ የሚወደድበት ጊዜ ነበርና ከአሶሳ ብዙ የማትርቀው ባምባሲ አዲሱን ቢሮና አዲሱን መንገድ የተቀበለችውን ያህል አዲሱንም ፕላስቲክ እጇን ዘርግታ ተቀብላ ነበር። ቅቤው በፕላስቲክ፣ ማሩ በፕላስቲክ፣ ትኩሱ ፉል በፌስታል ተቋጥሮ ይሄዳል። ውሃ የተጠጣበትን ባዶ ሃይላንድ የጣለ ሰው አባካኝ ይባላል።

በዚህ በኩል እትዬ የወርቅውሃን የሚቀድም አልነበረም። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ የያዙት ቅል ተሰብሮ ካለቀ ወዲህ ሌላ ቅል ቤታቸው አላስገቡም። "ቅል የችግር ጊዜ ዕቃ ነው፤" ይሉ ነበር፤ ችግሩ በቅሉ ተጭኖ የመጣ ይመስል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት ሃይላንዶች እንደ ሕፃን አቅፈው ነበር። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራተኛ ሲጨመር፣ የእትዬ የወርቅውሃ ፎጣና አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅ ቅል ከባለቤቶቻቸው ቀድመው ተዋወቁ።

"ልጄ፣ ተማሪ ትመስያለሽ፤" አሉ እትዬ የወርቅውሃ ቅሉን በቅንድባቸው እያመለከቱ። "ተማሪ ሆነሽ ቅል መሸከምሽ ምነው? ሃይላንድ አጣሽ?"

"አላጣሁም እማማ፤ ትቼው ነው።" ልጅቷ ዐፊፋ ትባላለች። የሆሞሻ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጤና ታጠናለች፤ ባምባሲ የተግባር ልምምዷን ጨርሳ መመለሷ ነው። "የእናቴ ቅል ነው፤ ውሃ ይዤበት ነው። የእርስዎ ደግሞ ሽታው እንዴት ደስ ይላል! ቅቤ አለው?"

"አጥሚት ነው። አጃና ገብስ፣ ቅቤና ማር። ለምራቴ ለቃናኒ ነው።" እትዬ የወርቅውሃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ያለ ድምፃቸው እስከ ኋላ ወንበር ብቻ ይሰማል። "ልጄን ካገባች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ፅንስ አልያዘላትም። የባለቤቴ ወንድም በቃሉ ደግሞ ልጄን ሳይጠይቅ፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ 'ጌትነት ሌላ ሴት ያገባል' ብሎ በልጄ ስም ሰው ቤት ሽማግሌ ልኳል። ይቺ ትፈታ ነው የሚለው።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"እኔማ! እሷን የመሰለ ሰው ከየት ይመጣል? የወለጋ ልጅ ናት፤ 'አዮ' ትለኛለች፤ በቋንቋቸው እናቴ ማለት ነው። የታመምኩ ጊዜ ከአሶሳ መጥታ ያስታመመችኝ እሷ ናት፤ ከሆዴ የወጡት ሴቶች የሞባይል ካርድ ነው የላኩልኝ። እንዳትሄድብኝ ነው በየሳምንቱ ከበቃሉ ጋር የምሽቀዳደመው። ማህፀኗ ይሙቅ ብዬ አጥሚቱን እየፈላ እዚህ እገለብጣለሁ።"

"እየፈላ?"

"እየፈላ ነዋ! የቀዘቀዘ አጥሚት ለማን ይረባል?"

የተማረ ሰው ታላቁ ፊት ሲቀመጥ ሁለት መንገድ አለው፤ ዝም ብሎ መመረቅ ወይም ተናግሮ ምርቃቱን ማጣት። ልጅቷ ምርቃቱን ትንሽ አሰብ አድርጋ ተወችው።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አጥሚቱን ወድጄዋለሁ። ዕቃውን ግን አልወደድኩትም።"

"ዕቃው ምን ሆነ? በሳሙና አሽቼ ነው ያጠብኩት!"

"በሳሙና የሚለቅ አይደለም። ፕላስቲክ ሲሠራ እንዲለሰልስ ወይም እንዲጠነክር የሚጨመርበት ኬሚካል አለ። የፕላስቲክ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም አንድ አይደለም። ግን ትኩስ ነገርና ቅቤ ሲነካው ኬሚካሉ እየለቀቀ ምግብ ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ ሴት ልጅ እንዳታረግዝ ሊያውክ ይችላል ይላሉ ያጠኑት።"

"ሊያውክ?" ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩ። "እንድታረግዝ ብዬ የምልከው? ኧረ ወዲያ! ባምባሲ አገሩ ሁሉ በሃይላንድ ይጠጣ የለም ወይ? ይኸው እንደ ዶሮ ይፈለፍላል!"

"ይወልዳል እማማ፤ መች ካድኩ። ሲጋራ የሚያጨስም ሁሉ አይታመምም። የሚታመመው ማን እንደሆነ ግን ቀድሞ የሚነግረን የለም።"

"ደግሞስ አጥሚት የሚገባው ሆድ ነው። ከማህፀን ጋር ምን አገናኘው?"

"ሰውነታችን ውስጥ መልእክተኞች አሉ፤ ሆርሞን ይባላሉ። በደም እየሄዱ 'እንቁላሉ ይብሰል፤ ማህፀን ይሰናዳ' ይላሉ። እነዚህ ኬሚካሎች መልእክተኛ ይመስላሉ። ማንም ያልላከውን ቃል ያደርሳሉ፤ ወይ የእውነተኛውን ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ። ጋሽ በቃሉ በጌትነት ስም ሽማግሌ ላኩ አላሉኝም? የታጨችው ልጅ ቤተሰቦች ጌትነት የላከ መስሏቸው አልተሰናዱም?"

እትዬ የወርቅውሃ አፋቸውን ከፈቱ። "ጠላ ጠምቀዋል አሉ፤" አሉ ቀስ ብለው።

"አዩ? ጌትነት ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።"

ከዚያ ቀን በፊት ጋሽ በቃሉን ከኬሚካል ጋር ያስተያየ ሰው አልነበረም። ነገሩ ግን ለእትዬ የወርቅውሃ ወዲያው ገባቸው፤ እንዲያውም ኬሚካሉን ከነጢሙ ሳያዩት አልቀሩም። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉምና፣ "እስቲ ሃይላንዱ ምን ሆነ? እይው!" ብለው ፎጣውን ገለጡ።

ሃይላንዱ ወገቡ ተጨማዶ፣ አንገቱን ወደ ጎን ጥሎ ተቀምጧል።

"እማማ፣ ይሄ ሃይላንድ ወገቡን ታሟል፤" አለ ረዳቱ ከበሩ። "ጤና ጣቢያ ይውረድ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። እትዬ የወርቅውሃ አልሳቁም። "ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል። እኔ መንገዱ አንገላቶት ይመስለኝ ነበር።"

"ሙቀቱ ነው እማማ። ከውጭ ይህን ያህል ካጣመመው፣ አጥሚቱን የሚነካውን የውስጡን ጎን ደግሞ ያስቡት።"

ሃይላንዱ ተመልሶ በፎጣው ተጠቀለለ። ከዚያ እትዬ የወርቅውሃ፣ አሁን በእርግጥም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እኔ ነኝ እንግዲያ የዘጋሁባት?" አሉ።

ዐፊፋ እጃቸውን ያዘች። "ወላሂ እንዲያ አላልኩም! ማንም እንዲያ ሊል አይችልም። አለመውለድ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከእሷ ሊሆን ይችላል፣ ከእሱ ሊሆን ይችላል፣ ከሁለቱም። ሁለቱም አብረው ይመርመሩ። እኛ በእጃችን ያለውን ሸክም ብቻ እናንሳላት።"

"ጌትነትም? የኔ ጌትነት ይመርመር?"

"ብቻዋን የምታረግዝ ሴት አይተዋል እማማ?"

ረዳቱ በሩን ይዞ ሳቀ፤ እትዬ የወርቅውሃም ዘግይተው ሳቁ።

አሶሳ መናኸሪያ ሲወርዱ ዐፊፋ የቅሉን ውሃ ደፍታ ቅሉን አስያዘቻቸው። አሻፈረኝ አሉ፤ ተለመኑ። በመጨረሻ "እንግዲህ ለእናትሽ ምን ልትያት ነው?" ብለው ተቀበሉ። ምርቃቱም ሳይቀር ተሰጠ፤ ረጅም ነበር፤ ወደ ልጃቸው ቤት ሊያደርሳቸው የቆመው ባለ ባጃጅ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ።

ቃናኒን ቤቷ ድንች እየቀቀለች አገኟት። የድስቱን ክዳን ከፈት ቢያደርጉ ከሥሩ ፌስታል ተወጥሯል፤ እንፋሎቱ ላብ ሆኖ ወደ ድንቹ ይንጠባጠባል።

"ይህን ደግሞ ማን አስተማረሽ?"

"እርስዎ ነዎታ፣ አዮ። እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ብለው።"

"እኔ ያልኩሽን ሁሉ ትሰሚያለሽ እንዴ?" ብለው ፌስታሉን ሞሽልቀው ጣሉ፤ ሁለቱንም ሃይላንዶች አስከተሏቸው። በሚኒባስ የሰሙትንም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት፤ የጋሽ በቃሉን ጢም ከራሳቸው ጨምረው።

ቃናኒ አዳምጣ ስታበቃ አቀረቀረች። "እኔ እኮ... ትንሽ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይለኝ ነበር።"

"ምኑ? አጥሚቱ? ምነው ሳትነግሪኝ!"

"ያን ሁሉ መንገድ አቅፈውልኝ መጥተው፣ እንዴት ብዬ ይሸታል ልበል አዮ?"

እትዬ የወርቅውሃ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ምክንያቱን በእንፋሎቱ አሳበቡ። ከዚያ ስልክ አወጡ።

"በቃሉ? ሽማግሌዎችህን መልስ። ጌትነትና ቃናኒ ሰኞ አብረው ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። አዎ፣ አብረው! ... ሐኪሙ ልጅ የለም ቢልስ? ቢልም ልጄ ናት፤ አልሰጥህም። ይልቅ ሚስትህ ድስቷን በምን እንደምትከድን ሄደህ እይ።" ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ትኩስ ነገር ፕላስቲክ አይነካም፤ ሻይ በብርጭቆ፣ ወጥ በሸክላና በብረት ድስት፣ ፉል የሚገዛውም ከቤት ሳህን ተይዞ ነው። ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል ቀርቷል፤ ጭሱም የጎረቤት ቅሬታም አብረው ቀሩ። ጥቅሙ ለምትወልድ ሴት ብቻ አይደለም፤ ለሚያድግ ሕፃንም ለወንዱም ነው። ሰኞ ጌትነት የሚሠራበትን ባጃጅ አቁሞ ከሚስቱ ጋር ወረፋ ያዘ፤ ምርመራው ገና በጅምር ነውና ልጅ ተወለደ ብለን አንባቢን አናታልልም። ከቃናኒ ራስ ላይ ግን ስድስት ዓመት ብቻዋን የተሸከመችው ነገር ግማሹ ወርዷል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ የወርቅውሃ ቅሉን አቅፈው ሚኒባስ ገቡ። ረዳቱ አይቶ፣ "እማማ፣ ዛሬስ ወገቡ ደህና ነው?" አላቸው።

"አርፈህ በርህን ዝጋ!"

አሶሳ ሲደርሱ ቃናኒ ከቅሉ በጽዋ ቀድታ ተጎነጨች። አማቷ ከአፏ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ "እህ? ምን ምን ይላል?" አሉ።

ቃናኒ ከንፈሯን ጠርጋ፣ ጽዋውን እንደገና ዘረጋች። "አጥሚት አጥሚት ይላል፣ አዮ።"