ሰባት ጊዜ የተዛወረው ጀርመናዊ

ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንድ ወጣትና አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ወጣቱ ስለ አንድ ጀርመናዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከስልኩ እያነበበ ይነግራቸዋል።

«ከትንሽ ከተማ ክለብ ነው የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ጊዜ ተዛውሯል።»

«ሰባት ጊዜ! ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምንም አላጠፋም፣ እናቴ።»

«ባለቤቴ አስተማሪ ነው። አንዴ ከርዕሰ መምህሩ ቢጣላ ቦምቤ የምትባል ገጠር ከተማ አዛወሩት። ሰባት ጊዜማ ይሄ ሰው የለየለት ጠበኛ ነው።»

«የኳስ ዝውውር ሌላ ነው። ክለቦቹ ፈልገውት፣ ደመወዝ ጨምረውለት ነው።»

«ሰው ተፈልጎም ይዛወራል?»

«ጎበዝ ከሆነ አዎ።»

«እናቱስ ምን አለች?»

«እሱን አልጻፉም።»

«ዋናውን ትተውታላ!»

«ምነው እንዲህ አስጨነቀዎት?»

«ልጄን የሐዋሳ የቅርጫት ኳስ ክለብ መርጧታል። አምፖል ያለ ወንበር የምትቀይር ረጅም ናት። ነገ ወላጅ ይፈርም ብለዋል። እኔ ደግሞ ዝውውር ሲሉ ሰምቼ፣ ገና በልጅነቷ ከቦታ ቦታ ሊያንከራትቷት ነው ብዬ እምቢ አልኳት።»

«ሐዋሳ እኮ ቅርብ ነው።»

«ቦምቤም ቅርብ ነበር፤ አራት ዓመት አስቀሩት።»

ሁለቱም ሳቁ።

«ይፈርሙላት፣ እናቴ።»

«እሺ፣ ተፈልጋ ከሆነ እፈርማለሁ። ግን እንደ ቤቷ የሚያቃጥል ዳጣ ያበሏታል?»

«ይዛ ትሄዳለቻ።»

«ሳምንት አይቆይላትም፤ ልጄን አውቃታለሁ።»

እኔም ሶዶ እስክንደርስ ለማላውቃት ልጅ በልቤ ስንቅ ስቋጥር ቆየሁ።