የደምሴ የክርስትና ስም

(ረፋድ ላይ፣ በከተማዋ አደባባይ ባለው አሮጌ የካቶሊክ ካቴድራል በር። በቅርቡ ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ አስካለ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ የካቴድራሉ አገልጋይ ፊሊጶስ አሮጌ መዝገብ ታቅፏል።)

ፊሊጶስ፦ ኧረ እማማ፣ ጫማዎን ያድርጉ! እኛ ጋ በጫማ ነው የሚገባው።

አስካለ፦ እግዜር ፊት? አላደርገውም! እናንተ እንደ ልማዳችሁ።

ፊሊጶስ፦ እብነ በረዱ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ይመታዎታል።

አስካለ፦ ይምታኝ። ዘንድሮ ያልመታኝ ምን አለ? ይልቅ ጠዋት ፈልግልኝ ያልኩህን ስም አገኘኸው ወይ?

ፊሊጶስ፦ እስቲ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ።

አስካለ፦ ለማረፍ አልመጣሁም። ነገ የደምሴ አርባ ነው። የቀብሩ ዕለት የኛ የኦርቶዶክሱ ቄስ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ቢሉኝ አፌ ተሳሰረ። «እግዜር በሚያውቀው ስም» ብለው አለፉልኝ። ለአርባው ግን «ፈልገሽ አምጪ፤ በማን ስም ልፍታው?» አሉኝ።

ፊሊጶስ፦ እሳቸው በሕይወት ሳሉ አልነገሩዎትም?

አስካለ፦ «የክርስትና ስም ለሰው አይነገርም፤ መተት ይሠሩበታል» ይለኛል። «ለሚስትም?» ስለው ይስቃል። እናት አባቱን አያውቅ፣ የእናንተ መነኮሳት ናቸው ያሳደጉት። መቼም ክርስትና ያስነሡት እኛ ጋ ነው፤ እናንተ የሰጣችሁት ዳቦና ፊደል ብቻ ነው። ቢሆንም ስሙ ከወረቀታችሁ አይጠፋም ብዬ መጣሁ።

ፊሊጶስ፦ አልጠፋም።

አስካለ፦ ተመስገን! በል ንገረኝ፤ ገብረ ማነው? ወልደ ማነው?

ፊሊጶስ፦ ገብረም ወልደም አይደሉ። ያችን የድንጋይ ገንዳ ያዩዋታል? እዚያች ላይ ነው የተጠመቁት፤ በጣልያን ቄስ እጅ።

አስካለ፦ ስሙን አልኩህ!

ፊሊጶስ፦ ቦናቬንቱራ።

አስካለ፦ ማን?

ፊሊጶስ፦ ቦናቬንቱራ። ትልቅ ቅዱስ ነው፣ እማማ።

አስካለ፦ ወይ ጉዴ! ይኼን ቄሱ ፊት እንዴት ብዬ ላውጣው? «ከየት አመጣሽው?» ሲሉኝስ? የተቀበረው እኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ አፈሩ እንኳ አልደረቀም።

ፊሊጶስ፦ ገብረ ሥላሴ ነው ይበሏቸዋ። ማን ያውቃል?

አስካለ፦ እግዜር ያውቃላ! ደምሴ እዚያ ቆሞ እየጠበቀ፣ ምሕረቱ ለሌላ ሰው ይድረስ?

ፊሊጶስ፦ እንግዲያው እኛ እንጸልይላቸው። ለአባ ልንገራቸው?

አስካለ፦ እኔስ የት ልቆም ነው? ልጆቹስ? አዬ ደምሴ፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነህ ቀረህ! አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ሳስቀድስ እሱ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ «አልበቃሁም» ይለኝ ነበር። ትሕትና መስሎኝ እኮራበት ነበር፣ እኔ ሞኟ!

ፊሊጶስ፦ እዚህም ከመጨረሻው አግዳሚ አያልፉም ነበር።

አስካለ፦ እዚህ? ደምሴ?

ፊሊጶስ፦ ረቡዕ ረቡዕ። ጠዋት ፎቶውን ሲያሳዩኝ ነው ያወቅኋቸው። ስማቸውን አናውቅም፤ «ባለ ካልሲው» ነበር የምንላቸው።

አስካለ፦ ረቡዕ ጢሙን ሊላጭ ነበር የሚወጣው!

ፊሊጶስ፦ እንደ እርስዎ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። «ኧረ ያድርጉ» ስላቸው፣ «ሚስቴ ብታየኝ ትቆጣለች» ይሉኛል።

አስካለ፦ አንተ ደምሴ... አንተ ሰውዬ! ምናለ አንድ ቀን ብትነግረኝ? እኔ ልበላህ ነበር?

ፊሊጶስ፦ አይዞዎት፣ እማማ። አይዞዎት።

አስካለ፦ ስሙን ድገምልኝ።

ፊሊጶስ፦ ልጻፍልዎት?

አስካለ፦ ወረቀት አልፈልግም፤ እቤት ሰው እጅ ይገባል። በቃልህ፣ ቀስ ብለህ።

ፊሊጶስ፦ ቦናቬንቱራ።

አስካለ፦ ቦና... ቦናን... አይ፣ አፌ እንቢ አለኝ። ተወው ልጄ። ነገ ቄሱ ሲጠይቁኝ «አላውቀውም፤ እግዜር በሚያውቀው ስም ይፍቱት» እላቸዋለሁ፤ እሱ እንኳ ውሸት አይሆንብኝም።