ሸክላ ሠሪዋ ከልጄ ጎን ትቀበራለች

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ ከሆመቾና ከአንጋጫ በእግራችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ ከሾኔ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የደረሳችሁ ነጋዴዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ አልልም፤ ለቀብር የመጣ ሰው እንዲህ አይባልም። ግን ቆማችኋልና ስሙኝ። እናንተም እዚያ ባህር ዛፉ ሥር የተጠጋጋችሁ፣ የገዛ እድርተኞቼ፣ ቀረብ በሉ። ሬሳ አይናከስም።

እኔ ሽብሩ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቀበርኩትን ሰው ግን እቆጥራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዚህ እድር ዳኛ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ጉድጓዱ ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ ባህር ዛፉ ሥር ተቆፍሮ አገኘሁት። ማን አዘዘ? አልኩ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ጥሩሰው ጸሐፊያችን ብቻ፣ "ጋሼ፣ ደንቡ ነው" አለኝ።

ደንቡ! ሸክላ ሠሪ ከእኛ ጋር አይበላም፣ ከእኛ ጋር አይቀበርም የሚለው ደንብ። አውቀዋለሁ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ያተምኩበት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሌላ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። እዚህ፣ በአጥሩ ውስጥ፣ ከልጄ ከቲቶ ጎን። አጉረመረማችሁ። እንግዲያው ሳላወርዳት እናገራለሁ፤ የቸኮለ ካለ መንገዱ ያው።

ይህች ሴት ማን ናት? ጣቢታ ናት። ድስቷን ገበያ ላይ ገዝታችሁ፣ እጇን ላለመንካት ሳንቲሙን መሬት ላይ የጣላችሁላት ጣቢታ። ጎንበስ ብላ ስትለቅም አይታችኋል። እኔም አይቻለሁ።

የላይኞቹ ከጠፈር ወርደው ሲያቃጥሉን መድኃኒቱን ያገኘው ማን ነበር? ሆመቾ የተቃጠለችበትን ቀን አስታውሱ። ያ ነጭ ጨረራቸው ብረት ይፈልጋል። ቆርቆሮ የለበሰውን ቤት ሁሉ እንደ ቅቤ አቀለጠው፤ የሣር ጎጆውን ዘሎት ሄደ። በውድ የተገዙት የብረት አውሮፕላኖች ተነሡ፤ ደመናው ላይ እንኳ ሳይደርሱ ቀልጠው ተንጠባጠቡ። እኛ ደረታችንን ስንደቃ እሷ በፍርስራሹ ውስጥ ትዞር ነበር። ሌባ መሰለችን። ድንጋይ ያነሣም ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ እዚህ ቆሟል። ምን ይዛ ወጣች? ድስት። የራሷን ድስት። የቀለጠው ቆርቆሮ በላዩ ፈስሶበታል፤ ድስቱ ግን ደህና ነው። ውስጡ ያለው ጎመን ለብ እንኳ አላለም።

ያንን ድስት አዝላ ሆሳዕና ሄደች፤ መሐንዲሶቹ ወደሰፈሩበት ግቢ። ጥበቃው፣ "እማማ፣ ገበያው ወደዚያ ነው" አላት።

"ልሸጥ አልመጣሁም። አውሮፕላናችሁን ሸክላ ላልብሰው ነው" አለችው።

ሳቀባት። ኢንጂነር ሕዝቅኤልም ስቄባታለሁ ብሎኛል፤ ይኸው ፊት ለፊቴ ነው፣ ከዋሸሁ ይናገር። ከዚያ ብረት በሚቆርጡበት እሳት ድስቱን ሊበሳ ሞከረ። ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። ሳቁ አለቀ።

እንስራ እንዲህ ተወለደች። አጥንቷ የባጃጅ፣ መቀመጫዋ የሚኒባስ፣ መሪዋ የሞተር ሳይክል፣ አየሯ ከበያጅ ቤት የመጣ ኦክስጅን፣ ማሰሪያዋ የእንሰት ቃጫ፣ ከኋላዋ እነሕዝቅኤል የሠሩት ሮኬት። ቆዳዋ ግን ሸክላ። ጣቢታ አሮጌ ገል ወቅጣ፣ ከጭቃው ጋር በእግሯ ረግጣ፣ ሳምንታት በጥላ አድርቃ፣ በእሳት የተኮሰችው ሸክላ። ጠፈር ወጥቶ የሚዋጋ እንስራ! ስሙን ያወጣነው እኛ ነን፣ ልንሳለቅ። ሸክላ ለብሳ ስትመጣ የላይኞቹ ከተራ ድንጋይ አይለዩአትም። ጨረራቸውን ሊለቁ የመርከባቸውን አፍ ሲከፍቱ ልጆቻችን ተጠግተው የድንጋይ ካባ ድማሚት ያጎርሷቸዋል። ብሉ እንግዲህ!

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አታጉረምርሙ፤ ራሴንም አልምርም።

ልጄ ቲቶ ከመጀመሪያዎቹ አምስት አብራሪዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ኮራሁ። ሆሳዕና ወርጄ እንስራዋን አየሁ። ሁለት ቆዳ አላት፤ የውጭና የውስጥ። ውጭውን ማንም ይሥራው። ግን ልጄ ሸክላ ሠሪ በእጇ በሠራችው ውስጥ ሊቀመጥ? እዚያ ውስጥ ውሃ ሊጠጣ? አይሆንም አልኩ። የውስጡን አስነቀልኩት። ወንድሞቼን ጠራሁ። ቤት መምረግ እናውቃለን አይደል? ንጹሕ ጭቃ፣ ንጹሕ ጭድ፣ ንጹሕ እጅ። መረግነው።

ጣቢታ መጣች። ራቅ ብላ ቆመች፣ እንዳስተማርናት።

"ጋሽ ሽብሩ፣ ይህ የቤት ግድግዳ አይደለም" አለችኝ። "የውጩ ቆዳ ብቻውን አይችለውም፤ ጭዱን እሳት ይበላዋል። ጭዱ ሲበላ ጭቃው ይረግፋል።"

"አንቺ ድስትሽን ሥሪ።"

"ልጁ የእርስዎ ነው።"

"የኔ ስለሆነ ነዋ የምናገረው!"

ሕዝቅኤል ለመነኝ። እንግዲያው ልጄ አይወጣም አልኩት። ሌላ አብራሪ አልነበረውም፤ አንገቱን ደፋ። ቲቶስ? ቲቶ ያውቅ ነበር። ከማናችንም በላይ ያውቅ ነበር። ዓይኔን አየና፣ "ይሁን አባዬ፣ ያንተ ምርጊት ይሞቀኛል" ብሎ ሳቀ። በሰው ፊት አባቱን ማሳፈር አልፈለገም።

አምስት እንስራ ወጣ። አራቱን ጣቢታ ውስጥና ውጭ ሠርታቸዋለች። አራቱ ተመለሱ።

ገባችሁ? ወይስ ልድገመው? አራቱ ተመለሱ።

ጥሩሰው፣ በል አሁን ደንቡን አንብብልኝ። አንተ ፊደል ቆጥረሃል።

ወረቀቱን አጠፍከው? መልካም። ልጄን ከወደቀበት ለቅመን ስናመጣው፣ በለቅሶው ዝናብ ነበር። እናንተ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ ንፍሮ ትበሉ ነበር። እሷ ውጭ፣ ጭቃው ላይ። ነጠላዋ ከገላዋ ተጣብቆ። ሦስት ቀን። "ነግሬዎት አልነበረም?" ማለት ትችል ነበር። እኔ ብሆን እል ነበር፤ እያንዳንዳችሁ ትሉ ነበር። አላለችም። አየኋት። ግቢ አላልኳትም። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ሄደችና አዲስ እንስራ ጀመረች፤ ለናንተ ልጆች።

ባለፈው ማክሰኞ የላይኞቹ የሸክላ መተኮሻዋን ጭስ አይተው ወረዱ። ሰፈሩ ሸሸ። እኔም ሸሸሁ፤ በዚህ እግሬ። ልጇ ሐዳሳ እጇን ጎተተቻት። "እማ፣ ተነሽ! ደረሱብን!" "እሳቱ ካልሞላ ይሰነጠቃል። አንቺ ሂጂ" አለቻት። ስድስት እንስራ እሳት ላይ ነበር። እንጨት ስትጨምር ወደ ጭሱ የለቀቁት ጨረር አገኛት። ስድስቱ በስለው ወጡ፤ አንድ ስንጥቅ የለባቸውም። እስቲ ቀና በሉ። እነዚያ በላያችን የሚዞሩት እነማን ናቸው? ይህን ቀብር ያለ ፍርሃት የቆማችሁት በማን መሰላችሁ? በደንቡ?

የላይኞቹን እጠላቸዋለሁ። ልጄን የበሉ ናቸው። ግን እነሱ ገበሬና ሸክላ ሠሪ አይለዩም፤ ሁላችንንም አንድ አድርገው ይጠሉናል። በዚህ በዚህስ ከእኛ ይሻላሉ።

እንግዲህ ፍርዴን ስሙ፤ የመጨረሻዬ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ሌላ ዳኛ ፈልጉ። ከቲቶ ጎን ያለው ይህ ቦታ የኔ ነበር። ለራሴ ያስከለልኩት ነው። ለጣቢታ ሰጥቻለሁ። ያንን ባህር ዛፉ ሥር የቆፈራችሁትን አትድፈኑት። የኔ ነው። ደንቡ የግድ አንድ ሰው ውጭ ይቀበር ካለ እኔ እቀበርለታለሁ፤ ሬሳዬን ያን ጊዜ አጥሩን ላሻግር የሚል ልጅ ካለኝ እረግመዋለሁ። አፈር ማልበስ የሚጸየፍ አሁን ይሂድ። ነገ ልጁ ሸክላ ለብሶ ሊወጣ ሲል የሐዳሳን ደጅ እንዳይመታ ብቻ።

ሐዳሳ፣ ነይ ልጄ። እዚህ፣ ከጎኔ ቁሚ። ራቅ አትበይ። የመጀመሪያውን አፈር አንቺ፣ ቀጥሎ እኔ።

ጣቢታ። ሁለት ጊዜ ቤትሽ ጠርተሽኝ ቆጮሽን ሳልቀምስ ቀረሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅርታ የሚጠየቀው በቁም ነው፤ በቁምሽ አፌ አልከፈት አለ። አሁን ብለፈልፍ ለራሴ ማዘን ነው። አንቺም ወሬ አትወጅም ነበር።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ያ ጎንሽ ያለው ቲቶ ነው። እጅሽ እንዳይነካው የከለከልኩት ልጅ ነው። ያዢልኝ።

ደህና ሁኚ።